ከዱባው ኬክ የጎደለው

«የእሳቸውን የዱባ ኬክ የቀመሰ ሰው ሌላ ኬክ እንዴት ያምረዋል?» አለች ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ፣ መሐረቧን ዓይኗ ላይ እንደያዘች። «እኔማ አምና ያንን ኬክ የበላሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስጠጣ ነው ያደርኩት።»

የሳሎኑ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ከመጣፈጡ ብዛት» ሲል ጠበቃው አረመላት።

«አዎ! ከመጣፈጡ ብዛት» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ከአደጋ እንደተረፈ ሰው ተንፍሳ።

በየወንበሩ የተደረደሩት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሁሉም አብልጦ የነቀነቀው የሟቿ የበኩር ልጅ፣ ጠበቃው ራሱ ነው። ቀጥላ ፋርማሲስቷ እህቱ ነቀነቀች። በሩ አጠገብ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የመጨረሻዋ ልጅ ግን የተጎነጨችው ቡና መንገድ ሳተባትና ትን አላት። ትንታው መሀል መንገድ ላይ ሳቅ ሆነ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይታዘቡታል። ሳቁ ሳሎኑን ዞሮ፣ የሟቿን ፎቶግራፍ ነክቶ ተመለሰ። ፋርማሲስቷ ተነሳች፤ እህቷን ክንዷን ይዛ፣ ፊቷ ላይ የሐዘን ፈገግታ እንደለጠፈች፣ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። ካፖርቶቹ ከተሰቀሉበት ሥር ሲደርሱ ፈገግታውን አነሳችው።

«በእናትሽ ለቅሶ ትስቂያለሽ?»

«እኔ ምን አልኩ? ውሃ ስጠጣ አደርኩ ያለችው ሴትዮዋ ናት።»

«አፍሽን ሰብስቢ።»

«ሰብስቤማ ነው የመጣሁት። አንዲት ቃል በሉኝና ሰብስቤው እሄዳለሁ።»

«ምን እንበልሽ?»

«ጨው ነበር በሉ።»

ከኋላቸው በሩ ተከፈተና ጠበቃው ከረባቱን እያስተካከለ ወጣ። ይህ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲጣላ እንኳ ከረባት ያስራል ይባላል።

«ሟች ለራሷ መልስ መስጠት በማትችልበት ሁኔታ እንዲህ ያለ ክስ ማንሳት ነውር ነው» አለ።

«ጋሼ፣ እሷን አልከሰስኩም። እናንተን ነው። ኬኩ ጨው ነበር፤ ታውቁ ነበር፤ ውሸታም ያላችሁኝ ግን እኔን ነው።»

«እማዬ ሞታ ስለ ኬክ ታወሪያለሽ?»

«እናንተ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አውርታችኋል?»

ጠበቃው እንደ ልማዱ አጀንዳ ቀየረ። መጪው እሁድ እማዬ በየዓመቱ ኬኩን የምታበላበት የዱባው እሁድ ነው አለ። ለቅሶ ላይ ብንሆንም ቤተሰቡ እንደ ወትሮው ይሰበሰባል፤ እማዬም ይህንኑ ትፈልግ ነበር፤ ኬኩን እህትሽ ትጋግራለች።

«ልክ እንደ እማዬ አድርጌ» አለች ፋርማሲስቷ፣ ታናሿን ዓይን ዓይኗን እያየች።

«እሰይ» አለች ታናሿ። «እሱን ሳላይ አልሄድም።»

ይህችን ልጅ «ምላጭ» ያለቻት እናቷ ናት፤ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። መኪና መንዳት ታስተምራለች። ሥራዋ ሊጋጭ ከደረሰ ሰው አጠገብ ተቀምጦ አለመጮህ ነው። በእሷ በኩል ባለው ፍሬን ላይ እግሯን አኑራ ስለምትውል፣ ነገር ሲከርባት ቤትም ሆነ ቀብር ላይ ቀኝ እግሯ ወለሉን ይጫናል። ኮሪደሩ ላይ ቆማ እየተጫነችው ነበር።

*

ሟቿን ሰፈሩ በሙሉ «ዳይሬክተሯ» ይላት ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላም ዳቦ ቤት ስትገባ ሰልፉ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። ዳይሬክተር ከመሆኗ በፊት ሒሳብ ስታስተምር፣ በእያንዳንዱ ፈተና ውስጥ ትክክለኛ መልስ የሌለው አንድ ጥያቄ ትሰነቅር ነበር። ተማሪው ላቡ ጠብ እስኪል ይታገልና ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱን ያከብባል። አልፎ አልፎ አንድ ደፋር እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ጥያቄ ተሳስቷል» ይላል።

«ውጣ» ትለዋለች።

በር ላይ ቆሞ ይውላል። ዓመቱ ሲያልቅ ውጤቱን ከጠበቀው ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ግን የለም።

ዱባውን ያመጣው ባሏ ነው። ጓሮ፣ አጥሩ ጥግ አንድ ፍሬ ቀበረ። እሱ ሲሞት ዱባው ቀረ። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ማንም ሳይዘራው ማንም ሳይኮተኩተው፣ አጥሩን ተንጠላጥሎ ሳይጠራ እንደሚመጣ ዘመድ ከች ይላል። ዳይሬክተሯ ዱባዎቹን ትቆርጥና ማእድ ቤቱ መስኮት ላይ በቁመታቸው ታሰልፋቸዋለች። ከዚያ ልጆቿን ጠርታ ኬክ ታበላለች። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ትል ነበር፣ ሦስቱን በየተራ እያየች። የትኛው ዱባ የትኛው ቅል እንደሆነ ግን ነግራቸው አታውቅም።

ባሏ በሞተበት ዓመት እጇ ሳተባት። ስኳርና ጨው የምታስቀምጥባቸው ሁለት የብርጭቆ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጽሑፍ የለባቸውም። የትኛው የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ማእድ ቤቷ ምን ሊሠራ ይገባል? ያን ቀን እሷ ራሷ አላወቀችም።

ጠበቃው፣ ያኔ ገና የሕግ ተማሪ፣ መጀመሪያ ጎረሰ። ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ወደ እናቱ አየ፤ እናቱ ጥቁር ለብሳ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ዋጠው።

«እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ!»

«የዘንድሮውስ ልዩ ነው» አለች ፋርማሲስቷ፣ ጉንጯ ውስጥ እንደያዘችው።

ሁለት ሁለት ቁራጭ በሉ። ምላጭ የራሷን በናፕኪን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሰው ያዘነ ሰው ቤት ውስጥ ስለ ጨው አያወራም። ተረዳችው፤ እንዲያውም ወንድሟን በልቧ አደነቀችው።

ችግሩ በሚቀጥለውም ዓመት ጨው ነበር። በሚቀጥለውም። ጠበቃው እያደር ለምዶት፣ ኬኩ ከመቅረቡ በፊት ውሃውን አጠገቡ ማስቀመጥ ጀመረ። ፋርማሲስቷ «የእማዬ ኬክ ሚስጥር» እያለች ለሥራ ባልደረቦቿ ማውራት ጀመረች። ምላጭ ኪስ ያለው ልብስ መልበስ ሰለቻት። አንድ የዱባ እሁድ፣ የጎረሰችውን ሳህኗ ላይ መልሳ ተፋችው።

«እማዬ፣ ይሄ ጨው ነው።»

ሹካዎች ቆሙ።

«ምላስሽን ሐኪም ይየው» አለ ጠበቃው።

«አንቺ እኮ ጣዕም የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም!» አለች ፋርማሲስቷ። «ውሸታም! እማዬን ለማሳዘን ብለሽ ነው።»

ምላጭ ወደ እናቷ ዞረች። ዳይሬክተሯ ናፕኪኗን አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈች፤ እንደገና አጠፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻትና፣

«ውጪ» አለቻት።

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይላሉ። ምላጭ እውነቱን ተናግራ የመሸባት ኮሪደሩ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷ ቤት ትመጣለች፤ መድኃኒት ታቀብላለች፣ አምፖል ትቀይራለች፣ ካፖርቶቹ ሥር ቆማ «ምን ጎደለ?» ብላ ትሄዳለች። ማእድ ቤት አትገባም። በዱባው እሁድ አትመጣም። እናቷም ነይ አላለቻትም።

*

እሁድ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ፋርማሲስቷ የእናቷን ሽርጥ ታጠቀች። ዱባውን ልጣ፣ ቀቅላ፣ ፈጭታ አቀረበች። ዱቄቱን ነፋች። ቀረፋውን በማንኪያ ጫፍ ለካች፤ መድኃኒት የምትቀምም ነው የሚመስለው። ከዚያ ሁለቱ የብርጭቆ ዕቃዎች ፊት ደርሳ ቆመች።

ምላጭ በሩን ተደግፋለች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ከደፉ አላለፈችም።

«ምነው ቆምሽ እቴ?»

«ዞር በይ፣ ብርሃን ጋረድሽብኝ።»

«በግራው ነው በቀኙ?»

«ሥራ የለሽም አንቺ?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ምን ሥራ አለኝ? ልክ እንደ እማዬ አድርጌ ብለሻል፤ ልማር ነው የቆምኩት። በስኳር ከጋገርሽው ነገ ሁሉም የእማዬ አይደለም ይልሻል።»

«ዝም በይ።»

«በጨው ከጋገርሽው ደግሞ ጨው መሆኑን ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

የሰው ሕይወት በሚሊግራም ስትመዝን የምትውለው ፋርማሲስት፣ ባዶ ማንኪያ ይዛ ከግራው ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ግራው አየች። አንገቷ ቀላ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ!» አለች በመጨረሻ። «ምላስሽን ትመዢያለሽ፣ ትቆርጫለሽ፣ ትሄጃለሽ! ከዚያ በኋላ እዚህ ማን ተቀመጠ? በየዓመቱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማን በላ? አንቺ እውነትሽን ይዘሽ ስትሄጂ እኛ ነን ቁጭ ብለን፣ ጉሮሯችንን እያቃጠለን፣ ሁለት ሁለት ቁራጭ…»

ቆመች።

ምላጭ ከተደገፈችው በር ቀና አለች። «ምን ነበር ያቃጠላችሁ?»

ፋርማሲስቷ ባዶውን ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ፍቅሯ!» ብላ ጮኸች። ሽርጡን ፈትታ እህቷ ደረት ላይ ወረወረችውና ወጣች። «ምላስሽ ካወቀ አንቺው ጋግሪው!»

*

ምላጭ ሽርጡን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ደፉን ተሻገረች። የኦቭኑ በር ድሮም አይዘጋም፤ ወንበር አስደግፈውት፣ ወንበሩ ላይ ሰው ካልተቀመጠበት ሙቀቱ ሁሉ ወደ ውጭ ነው። ወንበሩ እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ መቀመጫው መሀሉ ጎድጉዷል። ከሥር ካለው ቁምሳጥን ትልቁን የኬክ መጋገሪያ ፓትራ ስታወጣ ሌላ ትንሽ ፓትራ ተከትሎት ወጣ። የአንድ ሰው ኬክ እንጂ አይጋግርም። ጠርዙ ግን ከትልቁ እኩል ጠቁሯል።

«ሁለቱንም ልትጋግሪ ነው?» አለች አክስቷ ከኋላዋ።

የዳይሬክተሯ ታናሽ እህት ጆሮዋ ደክሟል፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ሹክሹክታዋ ሦስት ቤት ያልፋል። ሚስጥር የሚነግራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የድሮ ሚስጥሮች ግን እንደ ስንቅ ተቋጥረው አሏት።

«ትንሹ ምን ያደርጋል?» አለች ምላጭ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔ?»

«ቀስ በይ፣ እንዳይሰሙን!» አለች አክስቷ። ሳሎን የነበረው ማጉረምረም ጸጥ አለ። «የመጀመሪያው ዓመት ተሳስታ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ሳህን ስታነሳ ቀመሰችውና ደወለችልኝ። ‹ጨው ነው› አለችኝ። ‹ሁለት ሁለት በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። ምን ዓይነት ልጆች ነው ያሳደግኩት?› አለቀሰች እንዳልልሽ፤ ተናደደች። በዓመቱ ሆን ብላ ደገመችው።»

«ሆን ብላ?»

«ማን አፉን እንደሚከፍት ልይ ብላ ነዋ! እስኪከፍቱ አበላቸዋለሁ አለች።»

«እኔ ከፈትኩ!»

«ከፈትሽ። የዚያኑ ቀን ደወለች። ‹አንዷ ፈተናውን አለፈች› አለችኝ።»

የምላጭ ቀኝ እግር የማእድ ቤቱን ወለል ተጫነ።

«አባረረችኝ እኮ አክስቴ።»

«ታዲያ ምን ትበል? ልክ ነሽ ካለች፣ እያወቅሽ ስታበዪን ነበር ወይ ሊሏት ነው። እህቴ ይቅርታ መቀበል እንጂ መጠየቅ መች ታውቅበታለች? ብቻ ከዚያ ወዲህ ሁለት ነው የምትጋግረው። ትልቁ በጨው፣ ለእነሱ። ትንሹ በስኳር፣ ላንቺ።»

«ጠርታኝ ታውቃለች?»

«ትጠራሻለች እንዴ! ‹ከመጣች ትብላ› ነው ያለችው። ስትቀሪ በማግስቱ ለፀጉር ሠሪዋ ዶሮዎች ትበትነዋለች።»

ምላጭ ትንሹን ፓትራ አገላብጣ አየችው። እንባ እንደሚመጣ አስባ ነበር፤ የመጣው ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆማ ውላለች፤ ውጤቷን የሚነግራት ደግሞ አሁን ነው የመጣው፣ አስተማሪዋ ከተቀበረች በኋላ።

«እኔን ወክለው ሲበሉ የኖሩት ዶሮዎች ናቸዋ!»

«አዎ፣ ጥሩ ይጥላሉ» አለች አክስቷ። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ወዳሉት እንቁላሎች ጠቆመች። «እነዚህም የእነሱ ናቸው።»

ምላጭ አንዱን አነሳችና የሳህኑ ጠርዝ ላይ ከሚገባው በላይ በኃይል መታችው።

ጠበቃው በሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ ነው፤ ከረባቱ ግን ቦታው ላይ ነው። «አክስቴ እርጅና ተጫጭኗታል» አለ። «በዚህ ዕድሜ የሚሰጥ የምስክርነት ቃል…»

«ሰምተሃል?» አለች ምላጭ።

«ምንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታስተባብለው?»

ሄደ። ምላጭ ከግራው ዕቃ ቀመሰች፤ ስኳር። ሳታመነታ ዱቄቱ ላይ ገለበጠችው፤ ከዱባው ጋር አቦካችው። ትንሹን ፓትራ ቁምሳጥኑ ውስጥ በአፉ ደፋችው። ትልቁን ኦቭን ከትታ በሩን ገጠመች፤ ወንበሩን አስጠጋች፤ ጉድጓዱ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሙቀት ያዘው። ኬኩ እስኪበስል አልተነሳችም።

*

እሁድ ዕለት ጓሮው ቅጠል ብቻ ነበር፤ የሚጠርገው ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ዙሪያ ጠበቃው፣ ፋርማሲስቷ፣ አክስትየዋና ለቅሶ ልትደርስ ገብታ በዚያው የቀረችው ፀጉር ሠሪ ተቀመጡ። ጠበቃው ውሃውን አጠገቡ አስቀምጧል። የእናቱ ወንበር ባዶ ነው፤ ሁሉም ላለማየት ሲጥር ያየዋል።

ምላጭ ቆረሰችላቸው። ቁራጮቹ እኩል አልነበሩም፤ ትልቁን ለወንድሟ ሰጠችው።

ጎረሱ።

«እህ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ይሄስ ውሃም አላስፈለገው!» ሁለተኛውን አነሳች።

ጠበቃው አኘከ። ዋጠ። እጁ በልማድ ወደ ብርጭቆው ሄደ፤ የሚያጠፋው ቃጠሎ ሲያጣ መንገድ ላይ ቆመ። ፋርማሲስቷ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጥሩ ነው» አለ ጠበቃው። «ግን…»

«ግን ምን?»

«የእማዬ አይደለም። የሆነ ነገር ይጎድለዋል።»

«ምን?» አለች ምላጭ። ጠረጴዛው ሥር እግሯ ወለሉን ተጭኗል። «ምን ይጎድለዋል ጋሼ? ባለሙያ ነህ፣ በግልጽ ቋንቋ አስረዳኝ።»

ጠበቃው ከረባቱን ፈታ አደረገው። አፉን ከፈተ። ስንት ዳኛ ፊት ስንት ሰዓት የተናገረ አፍ፣ አንዲት ቃል አቃተው።

«ሐዘን ላይ ነን» አለ በመጨረሻ። «እባክሽ አሁን አይሁን።»

«ታዲያ መቼ? ከሞተች አርባ ዓመት ሲሆናት?»

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ…» ብላ ጀመረች አክስቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«አክስቴ!» አሉ ሁለቱ ታላላቆች በአንድ ድምፅ።

ፋርማሲስቷ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ልትወጣ መስሏቸው ነበር። ወደ ማእድ ቤት ገባች፤ ክዳን ሲፈታ ተሰማ። ስትመለስ የቀኙን የብርጭቆ ዕቃ ይዛለች። ጠረጴዛው መሀል፣ ከኬኩ አጠገብ፣ ድምፅ እስኪያወጣ አስቀመጠችው። ማንንም አላየችም።

በሁለት ጣቷ ቆነጠረች። ሳትለካ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሳትለካ ምንም ቆንጥራ አታውቅም። ቁራጯ ላይ በተነችውና ጎረሰች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ዋጠችው። ዕቃውን ወደ ወንድሟ ገፋችው።

ጠበቃው አየው። ከረባቱን ጨርሶ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቆነጠረ፤ በተነ፤ ጎረሰ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አኘከ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ያየው አልነበረም።

«ጨው እኮ ነው ይሄ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ ግራ ተጋብታ። «ምነው ጤናችሁን ነው?»

ጠበቃው ፊቱን ሳይገልጥ፣ በክርኑ፣ ዕቃውን ወደ ታናሽ እህቱ ገፋው።

ምላጭ ጠበቀች። አንዲቷ ቃል ከሁለቱ ከአንዱ አፍ እስክትወጣ ጠበቀች፤ አልወጣችም። ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ እንደ ድሮው ጠበኛ ነው፤ ብዪ እንግዲህ ይላል፣ ወይ ብዪ ወይ ውጪ።

ምላጭ እግሯን ከወለሉ አነሳች። ከዕቃው ቆነጠረች። ቁራጯ ላይ ነሰነሰችና ጎረሰች።

እንደ ድሮው ነው፤ አይበላም።

ዋጠችውና ሁለተኛውን ቁራጭ አነሳች።